ቁራው አልወደቀም

ታሪኩን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ያልሰማ ካለ ቴሌግራሙን ይክፈት፤ ሳምንት ሳይሞላው ይደርሰዋል። ንስርን የሚዳፈር ብቸኛው ወፍ ቁራ ነው ይላል። ቁራ ሆዬ ንስሩ ጀርባ ላይ ፊጥ ብሎ አንገቱን ይነክሰዋል። ንስሩ ግን ጨዋ ነው፤ አይመልስም፣ አይጣላም። ክንፉን ዘርግቶ ወደ ላይ፣ አሁንም ወደ ላይ ይወጣል። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ቁራው ኦክስጅን ያጥረውና ተዝለፍልፎ ይወድቃል። ከዚያ ምክሩ ይከተላል፦ አንተም ንስር ነህ፣ ለሚተቹህ መልስ አትስጥ፣ አንተ ከፍ ስትል እነሱ ራሳቸው ይወድቃሉ። ከበስተጀርባ ፒያኖ፣ ከሥር የእሳት ምልክት፣ ሼር።

እኔም ሼር አድርጌዋለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ የፕሮፋይሌ ፎቶ ንስር ነበር። እና የምወቅሰው መጀመሪያ ራሴን ነው።

ታሪኩ ከራሱ እስከ ጅራቱ ውሸት ነው። ውሸት መሆኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ፤ ስንቱ ውሸት በየስልኩ ይዞራል። የሚያንገበግበኝ ልባችንን ለማይገባው ወፍ እንድንሰጥ ማድረጉ ነው።

ከቀላሉ ልጀምር፤ ከኦክስጅኑ። የወፍ ሳንባ እንደኛው አየሩን በገባበት በር መልሶ የሚያስወጣ አይደለም። ወፎች ተጨማሪ የአየር ከረጢቶች አሏቸው፤ በእነዚያ እየታገዘ አየሩ ሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያልፋል። ወደ ውስጥ ስትተነፍስም ወደ ውጭ ስትተነፍስም ሳንባዋ ንጹሕ አየር ያገኛል። ይህ የንስር ልዩ ጸጋ አይደለም፤ ድንቢጥም አላት፣ ቁራም አለው። የቁራ የቅርብ ዘመድ የሆነች፣ ቢጫ ምንቃር ያላት ጥቁር ወፍ ኤቨረስትን የሚወጡ ሰዎችን ከ8,000 ሜትር በላይ ስትከተል ታይታለች። ሰዎቹ የኦክስጅን ጠርሙስ ተሸክመው፣ እሷ ፍርፋሪ ፍለጋ። ሩቅ አንሂድ ካላችሁ ሰሜን ተራሮች ውጡ። ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቅ ቁራ ድንኳናችሁ አጠገብ ሲንጎራደድ ታገኙታላችሁ። ርዝመቱ 60 ሴንቲሜትር ያልፋል፤ በዓለም ካሉት ትልልቅ የቁራ ዘሮች አንዱ ነው፤ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም የለም። እዚያ ከፍታ ላይ ትንፋሽ አጥሮት የሚዝለፈለፈው ቱሪስቱ ነው።

ንስርን የሚዳፈረው ቁራ ብቻ ነው የሚለውም ውሸት ነው። ወንጭፊት ታዋክበዋለች። ከእሷ በጣም የሚያንሱ ወፎች ጭልፊትንና ጉጉትን ከበው ሲጮሁባቸው፣ ሲወረወሩባቸው ይውላሉ። ከታሪኩ ጋር ብዙ ጊዜ የሚለጠፈው ፎቶ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ዋሽንግተን ግዛት የተነሳ እውነተኛ ፎቶ ነው፤ ቁራው ንስሩ ጀርባ ላይ ለቅጽበት አረፈና ሄደ። ማንም አልወደቀም።

አሁን ታሪኩ ፈጽሞ ወደማይጠይቀው ጥያቄ እንምጣ። ንስሩ እዚያ ሠፈር ምን ይሠራ ነበር?

ቁራ ሥራ ፈትቶ ንስር ፍለጋ ሰማይ ለሰማይ አይዞርም። አብዝቶ የሚያዋክበው ጎጆው ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ሲኖረው ነው። ንስርም ጭልፊትም ጉጉትም የቁራ ልጅ ይበላሉ፤ ከቀናቸው እናትና አባቱንም አይምሩም። ጉጉትን በጠራራ ፀሐይ ካገኙት ቁራዎች የሚያብዱበት ምክንያት አለ፦ ሌሊት ቁራ አጥርቶ አያይም፣ ጉጉት ያያል፣ ከእንቅልፉም አንስቶ ይወስደዋል። ቀን ቀን ሒሳቡ የሚወራረደው ለዚህ ነው። እንግዲህ ያ «ምቀኛ» ብለን የሰየምነው ወፍ፣ ቤቱ ደጃፍ ገዳይ የመጣበት ወላጅ ነው።

ይህን ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

እማዬ ኮተቤ አካባቢ ትኖራለች። ግቢው ውስጥ እኔ ሳልወለድ የተተከለ ጽድ አለ፤ ጽዱ ላይ ደረታቸውና አንገታቸው ዙሪያ ነጭ የሆነ ሁለት ቁራዎች ጎጆ ነበራቸው። እኔ ቅዳሜና እሑድ ለመተኛት ነው የምሄደው፤ እነሱ ደግሞ ገና ሳይነጋ ይጀምራሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ቀን መረረኝና ለሠፈር ልጅ ብር ሰጥቼ ጎጆውን በአጣና አስወረድኩት። ሦስት እንቁላል ነበረበት። እማዬ ገበያ ሄዳ ነበር። ስትመለስ አጣናውንም ጎጆውንም አየች፤ ምንም አላለችም።

በዚያ ሰሞን አንዲት ዶሮዋ ዘጠኝ ጫጩት ፈልፍላ ነበር። ጭላት አምስቱን ወሰደ። አራተኛው ሲወሰድ እኔም ነበርኩ፤ ከጣራው በላይ ድምፅ ሳያሰማ መጣ፣ አንዴ ዝቅ አለ፣ ሄደ። እናትየዋ የጮኸችው ከሄደ በኋላ ነው። እማዬ ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ዘበኛውን አባረርሽው፤ ሌባውን ምን ልበለው?» አለችኝ።

አንድ ግቢ ማስረጃ አይሆንም፤ አውቃለሁ። ጭላቱ ለማንኛውም ይመጣ ይሆናል። ግን ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማየት የጀመርኩት፤ ቁራዎቹ ተመልሰው ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ሲሠሩ ደግሞ አለማየት አልቻልኩም። ነገሩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ጭላቱ ገና በወንዙ በኩል ብቅ ሲል አንደኛው ቁራ አጭርና ሻካራ ጩኸት ይደጋግማል። ሌላኛው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይደርሳል። ከጎረቤት ግቢ ሦስተኛና አራተኛ ይጨመራሉ። ዶሮዋ ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብላ በአንድ ዓይኗ ሰማዩን ታያለች፤ ጫጩቶቹ ክንፏ ሥር ናቸው። የመብራት ሽቦው ላይ የነበሩት ዋኔዎች የሉም። አጥሩ ውስጥ ያሉት ድንቢጦች ጸጥ። ጭላቱ አንዴ ዞር፣ ሁለቴ ዞር ይልና ወደ መጣበት። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ለእኔ እንቅልፍ የሚበጠብጥ ጫጫታ የነበረው፣ ለግቢው ሁሉ ዜና ነበር።

እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ውበቱ እዚህ ላይ ነውና። የአዳኝ ወፍ ትልቁ ሀብት ድንገተኛነቱ ነው። ያልጠበቀውን ይይዛል፤ የሚጠብቀውን ማሳደድ ግን ጉልበት ይጨርስበታል። ስለዚህ «አይቼሃለሁ» መባል ብቻውን ግማሽ ሽንፈቱ ነው። መሣሪያው ደግሞ ጥፍሩ ነው፤ ጥፍሩ ከሥር ነው። ለዚህ ነው ቁራ ሁሌም ከላይና ከኋላ የሚመጣው። ጀርባው ላይ የሚያርፈው ለድፍረት ታይታ አይደለም፤ አዳኙ የማይደርስበት ቦታ ያ ስለሆነ ነው። ያም ሆኖ አንዳንዱ ንስር በአየር ላይ ተገልብጦ ጥፍሩን ያወጣል፤ ቁራውም ይሞታል። ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ይሄዳል።

ጩኸቱም በዘፈቀደ የሆነ ጩኸት አይደለም። ፒተር ማርለር የተባለ የወፍ ድምፅ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ሁለት ዓይነት የማስጠንቀቂያ ድምፅ ለይቶ አሳይቷል። አንደኛው ቀጭን፣ ረዘም ያለ ፉጨት ነው፤ ከየት እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል። ጭልፊት ከላይ ሲያንዣብብ ትንንሽ ወፎች የሚያሰሙት እሱን ነው፦ ተደበቁ፣ እኔንም እንዳያገኘኝ። ሁለተኛው አጭር፣ ሻካራ፣ ተደጋጋሚ ነው፤ ከየት እንደመጣ ማንም ጆሮ ያለው ያውቃል። እሱ ደግሞ፦ እዚህ ነው፣ ኑ። በእኛ ቋንቋ ሁለተኛው ኡኡታ ነው። ኡኡ ያለ ሰው ራሱን አይደብቅም፤ ቤቱን እያሳየ ነው የሚጮኸው።

ኡኡታውን ደግሞ የሚሰማው ዘመድ ብቻ አይደለም። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ቆብ ያደረገች የምትመስል ትንሽ ወፍ አለች፤ ከአዳኙ ዓይነት ጋር ጩኸቷን ትቀያይራለች፤ ለእሷ ይበልጥ አደገኛ የሆነ ጉጉት ስታይ የጩኸቷን የመጨረሻ ድምፅ ብዙ ጊዜ ትደጋግመዋለች። ይህ እ.ኤ.አ. በ2005 ታወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ዝርያ ወፍ ይህንኑ አዳምጣ፣ ገብቷት፣ እንደ አደጋው መጠን እርምጃዋን እንደምታስተካክል ተረጋገጠ። የሰው ቋንቋ ሰምቶ ተርጉሞ እንደመሮጥ ነው። የእማዬ ዋኔዎች ከቁራ ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም፤ ቁራም ለእነሱ ብሎ አይጮህም፤ ለገዛ ልጁ ነው። ጥቅሙ ግን ግቢው ውስጥ ላለው ሁሉ ይደርሳል፤ ጎረቤት ቤቱ ደጃፍ ለራሱ ያበራው አምፖል ለመንገደኛውም እንደሚያሳይ።

እዚህ ላይ ነው ንስሩ የመሥሪያ ቤቴ ስብሰባ ውስጥ የመጣብኝ።

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ፣ እናቴ የምትሆን ሴት፣ ሻይ ስታቀብለኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የኔ ልጅ፣ ከእከሌ ጋር ብቻሽን እንዳታመሺ» አለችኝ። አንድ የሥራ ኃላፊ ነበር፤ አዲስ የሚቀጠሩ ልጆችን በሰበብ በአስባቡ ምሽት ላይ የሚያስቀር። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ በዚያች ሹክሹክታ ነው የተረፉት፣ የተረፉት ማለቴ ነው። ቀጭኗ ፉጨት። ከየት እንደመጣች አይታወቅም፤ አዳኙም ቦታው ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ዓመት ሦስት ሴቶች ተሰባስበው ስማቸውን ጽፈው፣ ፈርመው ደብዳቤ አስገቡ። ከእዚህ ነው የምንጮኸው አሉ።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፣ የሥራ ተነሳሽነት ሥልጠና ተብለን አንድ አዳራሽ ተሰበሰብን። አሠልጣኙ ቀይ ክራባት አድርጓል። አሥረኛው ስላይድ ላይ ንስርና ቁራ። «ቁራዎችን አትዋጉ፤ ከፍ በሉ» አለን። ኃላፊው ፊት ወንበር ላይ ነበር፤ ቆሞ ያጨበጨበው እሱ ነው። ከፈረሙት አንዷ አጠገቤ ተቀምጣለች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ቁራዎቹ እኛ ነን?» አለችኝ።

አዎ፣ እናንተ ናችሁ። ያን ጊዜ አልመለስኩላትም፤ አሁን ልመልስላት ብዬ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። ያ ታሪክ ማንን እንደሚያጽናና ተመልከቱ። ትችት የሚያስፈራውን ባለሥልጣን ያጽናናል። ጥያቄ የበዛበትን ሰባኪ፣ ዕዳውን ያልከፈለውን ነጋዴ ያጽናናል። ጀርባህ ላይ ጩኸት ከሰማህ መብረርህን ቀጥል፣ ምን እንደበላህ ማንም አይጠይቅህም ይላል። እኛ ወጣቶቹ ደግሞ ፒያኖውን ሰምተን ራሳችንን ንስር አድርገን እናያለን፤ አብዛኞቻችን ግን ጎጆ ያለን ነን።

«ምሳሌ እኮ ነው፣ ምን አካበድሽው» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ምሳሌ ሥራ ይሠራል። «የቁራ መልእክተኛ» የምንለውን ተመልከቱ። ኖኅ የላከው ቁራ ስላልተመለሰ፣ ሄዶ የቀረ ሁሉ በስሙ ይጠራል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግን ኤልያስ ረሃብ ላይ በነበረ ጊዜ ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመላለሱለት ቁራዎች ናቸው፤ አንድ ቀንም አላረፈዱም። ከዚያኛው ምሳሌ አላወጣንም። አንዱን ወርሰን፣ ሌላውን ትተን፣ ልጆቻችን ቁራ ሲያዩ ድንጋይ ያነሳሉ።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ እሱን ሳልነካ ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። «መንጋ ነው» የሚለው። በዚህ አገር መንጋ ምን እንደሚያደርግ አይተናል፤ በየኮሜንቱ ሥርም በየቀኑ እናያለን። እና ወፎቹም ቢሆኑ ይሳሳታሉ። እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ አንድ የጀርመን ተመራማሪዎች ሙከራ አለ፤ አንዲት ወፍ ሌላዋ ስትጮህ እያየች ምንም የማያደርግ ወፍን መጥላት ተማረች፤ ለሌላዋም አስተማረች። የፕላስቲክ ጠርሙስ እንኳ ጠላት ማድረግ ተችሏል። ኮንራድ ሎሬንዝ ደግሞ ራሱ ያሳደጋቸው የቁራ ዘመዶች አንድ ቀን በድንገት ወረዱበት፤ ለካ እጁ ላይ የያዘው ጥቁር የዋና ቁምጣ የሞተ ጓደኛቸው መስሏቸው ነው። ስለዚህ ማን ጮኸ ብቻ ሳይሆን በምን ላይ ጮኸ ማለት ያስፈልጋል።

ግን ልዩነቱም ዓይን ያወጣ ነው። የቁራ ጩኸት ወደ ላይ ነው፤ ከራሱ ወደሚበልጠው፣ ሊገድለው ወደሚችለው። ጀርባው ላይ ጎጆ አለ። አዳኙ ከሄደ ይቆማል፤ ሠፈር ድረስ ተከትሎ ቤቱን አያቃጥልም። የእኛ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ነው፤ ብቻዋን የቆመች ሴት ላይ፣ ዘዬው የተለየ ልጅ ላይ። ያ ከቁራ ጋር አይመሳሰልም፤ ጫጩት ላይ ከሚወርደው ጋር ነው የሚመሳሰለው።

ቁራ ደግሞ ያስታውሳል። ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ጆን ማርዝለፍና ባልደረቦቹ የዋሻ ሰው ጭምብል አድርገው ሰባት ቁራዎችን ያዙ፤ ቀለበት አስረው ለቀቁ፤ ምንም ጉዳት አላደረሱም። ከዚያ በኋላ ያን ጭምብል ያደረገ ሰው ግቢው ውስጥ ባለፈ ቁጥር ቁራዎች ይጮሁበት ጀመር። ለማነጻጸሪያ ያመጡት የዲክ ቼኒ ጭምብል ሲያልፍ ብዙም ግድ አልሰጣቸውም። (ፖለቲካቸውን አላውቅም።) ዓመታት ሲያልፉ የሚጮኹት ጨመሩ እንጂ አልቀነሱም፤ ተይዘው የማያውቁት፣ ከዚያ በኋላ የተወለዱትም ጭምር። ፊቱን የሠራው ሳይሆን የነገሯቸው አስተማሯቸው። የጽዳት ሠራተኛዋን ያሰብኩት ይህን ሳነብ ነው።

«ቁራ ራሱ እንቁላል ሌባ ነው» ለሚሉኝም፦ አዎ፣ ነው። የእማዬንም ወስዷል። መልአክ ነው አላልኩም። ነገር ግን ቁራና ዘመዶቹ በሌሎች ወፎች ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ከበርካታ ጥናቶች ሰብስቦ የመዘነ አንድ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቷል፤ ከታዩት ሁኔታዎች 81 በመቶ በሚሆኑት ላይ የሚታይ ጉዳት አልተገኘም። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ሚሊዮን ቁራ ለመግደል ዕቅድ ማውጣቷን ያነበባችሁም ትኖራላችሁ፤ ያ ከእስያ የመጣ፣ የባሕር ጠረፉን የወረረ ሌላ ዝርያ ነው። የኛዎቹ ከኛ በፊት እዚህ ነበሩ። ጭላቱም ቢሆን ቢባረር አይሞትም፤ የወንዙ ዳር አይጥ ሞልቶታል። ቁራ ቦታ ያስለቅቀዋል እንጂ አይገድለውም። የሚገድለው ሰው ነው።

ይህን የምጽፈው አሁን የሆነበት ምክንያት አለ። ጎረቤታችን መኪና ገዝተዋል፤ የጽዱ አንድ ቅርንጫፍ ወደ እሳቸው ግቢ ይዘልቃል፤ ቁራዎቹም ጨዋ አይደሉም። ቅዳሜ ጠዋት ዛፍ ቆራጭ ይዘው መጡ። ጎጆው ውስጥ ጫጩት አለ፤ አፋቸውን ሲከፍቱ ከበረንዳው ይታያል። እማዬ ዝም ብላ እኔን ታየኛለች፤ ያን የአጣናውን ቀን በሚያስታውስ አስተያየት።

«ጋሼ፣ ትንሽ ሳምንት ይታገሡን፤ ጫጩቶቹ እስኪበሩ» አልኳቸው። «ላስቲኩን እኔ እገዛለሁ፣ መኪናውን እናለብሰዋለን።»

«ለቁራ ነው አንቺ ልጅ?»

«ለዶሮዎቹ ነው ጋሼ። የእርስዎም አሉ አይደል?»

ሰውዬው ወደ ላይ አዩ። አንደኛው ቁራ ከጫፉ ላይ ሆኖ ቁልቁል እያያቸው ነበር፤ መጋዙን ነው ያየው መሰለኝ፤ መጮህ ጀመረ። ሁለተኛው መጣ። ቆራጩ ኮፍያውን ያዝ አድርጎ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ፊታችንን አይተውናል በቃ» አሉ ጋሼ፤ መሣቅ አማራቸው። «ስንት ሳምንት ነው ያልሽኝ?»